የዋፊቃ ቦታ

እማማ ነጂባ ሐረር፣ አቦከር ሠፈር ውስጥ ጨዋታ አዋቂ ይባላሉ። አንድ አመል ብቻ አለባቸው፤ በግራቸው ሰው አያስቀምጡም። ሰርግ ቤትም ይሁን ባጃጅ ውስጥ ያን ጎናቸውን ባዶ ያደርጉታል። ሠፈርተኛው እርጅና ነው ብሎ ትቶታል። እርጅና አይደለም፤ ቦታው ባለቤት አለው።

በ1954 ዓ.ም.፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በከተማዋ ግንብ ፈላና በር አጠገብ በነበረ መጋዘን ቡና በሰፌድ ይለቅሙ ነበር። የሠራተኛ ማኅበር የሚፈቅድ ሕግ ገና አልወጣም። ለቃሚዎቹ ግን ማኅበር አቋቋሙና አፎቻ ነው አሉት። ሐረር ውስጥ ለሰርግና ለቀብር የሚረዳዱ ሴቶችን ማን ይጠረጥራል? ጸሐፊዋ ገላነሽ ስማቸውን በአቀማመጣቸው ተራ መዘገበች። ደንቡ አንድ ነበር፦ ካቦው ጠዋት ስም ሲጠራ አንዷ መጋዘኑ በር ላይ ከተከለከለች፣ በቀኟ የምትቀመጠው «አለች» ትላለች፤ የቀረችው እስክትገባም ማንም ሰፌድ አይነካም።

በነጂባ ግራ የምትቀመጠው ዋፊቃ «ማታ ስንወጣ ወንድ አይፈትሸን» ብላ ጠየቀች። በማግስቱ ከበር ተመለሰች። ካቦው «ዋፊቃ!» ብሎ ሲጣራ ስልሳ ሴት ወደ ነጂባ ዞረ። የነጂባ ምላስ ተሳሰረ። ካቦው ደግሞ ጠራ፤ ከዚያ ሰረዛት። ሰፌዶቹ አንድ በአንድ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ገላነሽም ፈርታ ከራሷ መዝገብ ላይ ሰረዘቻት። ዋፊቃ ከበሩ ውጭ ቆማ ሁሉንም ትሰማ ነበር። በዓመቱ ሞቷ ተሰማ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ በስም መጥሪያው ሰዓት፣ በእማማ ነጂባ ግራ ጆሮ በኩል ሰፌድ ይንሿሿል። ጥቂት ይንሿሿና ቀጥ ይላል፤ መልስ የሚጠብቅ ይመስላል። ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ዘንድሮ የገላነሽ የልጅ ልጅ ነፃነት ቤታቸው መጣች። እሷም ቡና ለቃሚ ናት።

«እማማ፣ የአያቴን መዝገብ ሳጥን ውስጥ አገኘሁት» አለች። «እሑድ እኛም ማኅበራችንን ስንመሠርት ስሞቹን አነባለሁ። ለሞቱት እኛ እንመልሳለን። በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ለራስዎ ይመልሱልን።»

እምቢ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና «ኢንሻ አላህ» አሉ።

እሑድ ጠዋት ከግንቡ ውጭ ባለ አዳራሽ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ግራቸው እንደ ልማዳቸው ባዶ ነው። በሩ ተዘጋ። ነፃነት ስም ስትጠራ ለቃሚዎቹ ልጃገረዶች ባንድ ድምፅ «አለች» ይላሉ። ደስ ይል ነበር። ነፃነት የተሰረዘውን መስመር ዘላ «ነጂባ» አለች።

«አለሁ» ማለት ምን ይከብዳል? ምላሳቸው እንደዚያን ቀን ተሳሰረ። ነፃነት ደግማ ጠራች። በግራቸው ሰፌድ ተንሿሿ፤ ቀጥ አለ።

«አለች» አለ የወጣት ሴት ድምፅ፣ ከተዘጋው በር ውጭ።

ሁሉም ሰማው። በር አጠገብ የነበሩት ልጃገረዶች ተነሥተው ሸሹ። እማማ ነጂባ ግን አልፈሩም፤ አፈሩ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ዋፊቃ ልትከሳቸው የምትመጣ መስሏቸው ነበር። እሷ ግን የነፈጓትን ቃል ሰጠቻቸው።

«ልጄ፣ ከኔ ስም በላይ የተሰረዘ አለ» አሉ። «እሱን አንብቢው።»

ነፃነት ወደ መዝገቡ አጎነበሰች። «ዋፊቃ።»

«አለች» አሉ እማማ ነጂባ፣ እያለቀሱ። «አለች፣ ውጭ ናት።»

ደንቡ የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፏል። ነፃነት አንብባዋለች። ሌላ ስም አልጠራችም፤ ሄዳ በሩን ከፈተች። ደጁ ላይ ከፀሐይ በቀር ማንም አልነበረም። ልጃገረዶቹ ግን መተላለፊያው ላይ እግራቸውን ሰበሰቡ።

በግራቸው ያለው ባዶ ወንበር ሲጥ አለ። እማማ ነጂባ የልብሳቸውን ጫፍ ወደ ራሳቸው ሳቡላት።