በቃል ያልተያዘ ምዕራፍ

ወረታ መገንጠያው አጠገብ ካለ የሞባይል ሱቅ አንድ አዛውንት ቆመዋል። ባታቸው ላይ የሩዝ ማሳ ጭቃ ደርቋል። ስለ ከዋክብት የሚያስተምር የድምፅ መጽሐፍ ሊያስጭኑ መጥተዋል፤ የስልካቸው ሚሞሪ ግን ሞልቷል።

«ባለፈው የጫንኩልዎትን የፍልስፍና መጽሐፍ ላጥፋልዎት?» አለች ባለሱቋ ሠርካለም።

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ በቃሌ ልውጣው።»

ዓይናቸውን ጨፍነው የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደ ዳዊት ያወርዱት ጀመር። መሃሉ ላይ ተደናቀፉ። ከላይ ጀመሩ፤ እዚያው ተደናቀፉ።

«ኧረ አባባ፣ ማን ሊፈትንዎት ነው?»

«የኔታ ያለፈውን በቃላችን ሳንይዝ አዲስ አያስጀምሩንም ነበር።»

«እሳቸው አሁን የሉማ!»

«እኔ አለሁ። ከዋክብቱ ለሳምንት ይቆዩ።»

ስልካቸውን ተቀበሉ። የተደናቀፉበትን ቦታ ከፈቱና ከስልኩ የሚሰማውን አንባቢ ተከትለው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለው እየደገሙ በባጃጆቹ መሃል ሄዱ።