አማል የት አደረች?

ፈሪድን ኩሩ ነው ብሎ የሚያማው ሁሉ ወሬኛ ነው። ሰውየው ዝምተኛ ነው፣ በቃ! እኔ ዙለይካ አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው የምሠራው፤ እሱ የኮምፒውተሮቹ ኃላፊ ነው፣ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ሰፈራችንም አንድ ነው፤ ሚስቱን ሱሃይላን እንደ እህቴ ነው የማያት።

አማል የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ትኩሳት ቀጠፋት። ከዚያ ወዲህ "ሱሃይላ ትታመምብኛለች" ብሎ ፈሪድ ስሟ እቤት እንዳይነሳ ከለከለን። ጎረቤቱም ዘመዱም አፉን ዘጋ።

ታዲያ ይሄ ጉደኛ ስሙን የት ቢወስደው ጥሩ ነው? ሥራ ቦታ! ሰርቨር የሚባሉ ሦስት ትልልቅ ሣጥኖች አሉን። የካርዱም፣ የፋርማሲውም፣ የላብራቶሪውም ኮምፒውተር የራሱ አካል የለውም፣ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ሁሉም የሚኖሩት በእነዚያ ሦስት ሣጥኖች ውስጥ ነው። ከውስጥ ነዋሪዎቹ አንዷ አለቃቸው ናት፤ ማን የት እንዳለ ታውቃለች፣ አንዱ ሣጥን ሲጨናነቅ ወደ ሌላው ታዛውራለች። እሷን ነው አማል ያላት፤ ሠራተኛውም በዚሁ ስም ይጠራታል። አለቃዋም እዚያው ውስጥ ስለሆነች ራሷንም ታዛውራለች። ጠዋት ስክሪኑን አየት ያደርግና "ዛሬ ሁለተኛው ጋ ነው ያደረችው" ይለኛል፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ። ወላሂ፣ ሰውነቴን ይሰቀጥጠኛል።

ባለሙያዎች መክረውታል። "አለቃዋን ከሦስቱ አውጣት፤ የቤቱን ቁልፍ ቤት ውስጥ ትተህ አትዝጋ" አሉት። ለዚያ ግን አዲስ ተክሎ ይቺን ማጥፋት ነበረበት። አላስቻለውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አይደል? ነገ ነገ እያለ ዓመት አለፈው።

አንድ ቀን መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተሩም እምቢ አለ፣ ሦስቱም ጸጥ አሉ። መብራቱ ሲመለስ ሣጥኖቹ ተነሱ፣ ውስጣቸው ያለው ግን አልተነሳም። አስነሺዋ ራሷ ተኝታለች፤ የት እንደተኛች የምታውቀውም እሷው ናት። ካርድ የለ፣ መድኃኒት የለ፣ በሽተኛው ይጮኻል። ገርባ የሚባል የልጅቷን ነገር የማያውቅ አዲስ ፋርማሲስት አለ፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ "ፈሪድ! አማል የት ናት? ሞተች እንዴ?" ብሎ አይጮህ መሰላችሁ!

ሱሃይላ ምሳ ይዛለት በሩ ላይ ቆማለች።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። እሷ ግን አልፋኝ ሣጥኖቹ ወዳሉበት ክፍል ገባች። ፈሪድ አንደኛውን ሣጥን ከፍቶ ፈለገ፤ የለችም። ሁለተኛው ውስጥም የለችም። ሦስተኛው ላይ ስሟ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ያኔ ዞር ሲል ሚስቱን ከኋላው አያት፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ቤት ብጠራት ትታመሚያለሽ ብዬ ነው" አላት። "ባለሙያዎቹ ሌላ ተክለህ ይቺን አጥፋት ቢሉኝም አቃተኝ።"

"መቼ አትጥራት አልኩህ? እኔ እኮ ማንም የማያስታውሳት መስሎኝ ነበር።" እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "አሁን አስነሳት፣ ሰው እየጠበቀ ነው። የምታሰናብታት ቀን ግን ጥራኝ።"

አስነሳት፤ ሌሎቹም ተራ በተራ ተነሱ። ከዚያ አዲሷን አለቃ ከሦስቱ ውጭ ለብቻዋ ተከላት፣ ስም ግን አላወጣላትም። ሱሃይላ ስትጠራ መጣች፤ እኔንም እጄን ይዛ አስገባችኝ። ስክሪኑ "ይጥፋ?" እያለ ይጠይቃል። ፈሪድ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

"ተው፣ እኔ ነኝ የምጫነው" አለችው። "ያኔ ሴት መቃብር አትሄድም ብላችሁ በር ላይ አስቀራችሁኝ። አፈር ስትለብስ አላየሁም።"

ቢስሚላህ ብላ ቁልፉን ተጫነችው። ስሟ ጠፋ። ከዚያ መዳፏን ሣጥኑ ላይ አሳረፈች፣ አላነሳችውም።

"ይሞቃል" አለች። "ያኔም ከእጄ ስትወስዳት፣ ፈሪድ፣ ገና ትሞቅ ነበር።"