የሳቁ ሰዎች ደብተር

ፖሊሶች የእስር ክፍሉን በር ከፍተው ወደ ውስጥ ሲገፈትሩኝ መጀመሪያ ያየሁት ሰውየውን ነው። ሸሚዙን አውልቆ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ገና ረፋድ ሳይሆን የቆርቆሮው ጣሪያ ግሏል፤ ክፍሉ ላብና ሽንት ይሸታል። ከግድግዳው ማዶ የባቡር ፊሽካ ይሰማል። ሰውየው አወቀኝ፤ እኔም አወቅሁት። የድሬ ልጅ፣ የመጋላ ሰፈር ሰው ነው፤ የባቡር ፍሬን ሠራተኛ፣ በትንሹም በትልቁም በመሳቅ የታወቀ።

«ወሪያ፣ ወንድሜ፣ አንተንም ያዙህ?» አለኝ። «እኔ አራት ቀኔ ነው። ለምን እንደሆነ ወላሂ አላውቅም።»

እኔ ግን አውቅ ነበር። እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አልኩ።

በባቡሩ ዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ከጣላቸው ወረቀቶች መካከል በፈረንሳይኛ የተጻፈች ቀጭን መጽሐፍ አገኘሁ። ሰው ፊት ብቻውን ቆሞ ማሳቅ ለሚሻ የተዘጋጀች ማስተማሪያ ናት። ማሳቅ እንደ ሒሳብ በትምህርት መገኘቱ ገረመኝ። ሰባት ወር ሙሉ እንደ ዳዊት ደገምኳት። የት ላይ ዝም እንደሚባል፣ የቀልድ መጨረሻ እንዴት ተደብቆ እንደሚቆይ ከእሷ ተማርኩ። መስታወት ፊት ቆሜ ስለፈልፍ እህቴ ጠበል ልትወስደኝ ደርሳ ነበር። መጽሐፏ አንድ ሌላ ትእዛዝም ነበራት፤ ተናግረህ ስትጨርስ ማን የት ላይ እንደሳቀ መዝግብ ትላለች። እኔም መዘገብኩ።

ያሳሰረንን ቀልድ የተናገርኩት በበዓል ዕለት፣ ከዚራ ሰፈር ባለው የሠራተኞች ክበብ ነው። ቀልዱ እንዲህ ነው፤ ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው በባቡር ይመጣል ተብሎ ጣቢያው ኖራ ይቀባል። ድንጋዩ ይቀባል፣ የዛፉ ግንድ ይቀባል፣ ግንዱን ተደግፎ የተኛው ዘበኛም አብሮ ይቀባል። ትልቁ ሰው ከባቡር ይወርድና የተሰለፉትን ሹማምንት ሁሉ አልፎ ዘበኛው ዘንድ ይሄዳል። ባርኔጣውን አውልቆ በፈረንሳይኛ «ቦንዡር፣ ሙሴ!» ይለዋል።

ሰዉ አውካካ። የፍሬን ሠራተኛውማ ከወንበሩ ወደቀ። በደስታ ሰክሬ ቤቴ ገባሁና ሌሎቹን በተቀመጡበት ወንበር ቁጥር፣ እሱን ግን ከነሙሉ ስሙ ጻፍኩት። በቀይ እርሳስም አሰመርኩበት። ቀልዱ ፖሊስ ጆሮ ደርሶ ቤቴ ሲፈተሽ እኔ ለሥራ አይሻ ጣቢያ ነበርኩ። ደብተሩን አገኙ፤ ከእኔ ቀድመው እሱን ያዙት።

እስከ እኩለ ቀን ደበቅሁት። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«የታሰርከው በእኔ ነው» አልኩት። «ስምህን ደብተር ላይ ጽፌው ነበር።»

«የምን ደብተር?»

«የሳቀ ሰው የምጽፍበት።»

ትክ ብሎ አየኝ። «መሳቄን ጻፍክ? ለምንህ ነው?»

«መጽሐፉ ጻፍ ስለሚል ነው።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ድሬን ያውቃታል?»

ጀርባውን ሰጠኝ። ውሃ ባቀብለው አልተቀበለኝም። ስድስት ልጆች እንዳሉት አውቅ ነበር። ሞቴን ተመኘሁ፤ ቀበቶዬን ባይወስዱብኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር እንጃ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ድምፁን የማያነሳ የመቶ አለቃ ነው። ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«በእነዚህ ወንበሮች የተቀመጡት እነማን ናቸው? የሳቁትን ስማቸውን ንገረኝ።»

«ማንም አልሳቀም፣ ጌታዬ።»

«እዚህ ተጽፎ?»

«ራሴን ለማስደሰት ነው የጻፍኩት። እኔ ሰው ማሳቅ አልችልም።»

ይህን ከአፌ ለማውጣት ምን ያህል እንዳቃተኝ እኔ ነኝ የማውቀው። መርማሪው ጥቂት አሰበና የፍሬን ሠራተኛውን አስመጣ። ፊት ለፊቴ አቆመው።

«በል ቀልዱን እዚህ ተናገረው» አለኝ። «ይህ ሰው ከሳቀ ዋሽተሃል። ሁለታችሁንም ሐረር ወህኒ እልካችኋለሁ፤ ሌሎቹንም አንድ በአንድ እለቅማቸዋለሁ።»

ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሰውየው እንኳን ቀልድ ሰምቶ ያለ ቀልድም የሚስቅ ነው። ስለዚህ ሆን ብዬ ከመጨረሻው ጀመርኩ።

«አንድ ትልቅ ሰው ዘበኛውን ፈረንጅ መስሎት ሰላም አለው። ፈረንጅ የመሰለው ኖራ ስለተቀባ ነው። ኖራ የተቀባው ዛፍ ተደግፎ ስለተኛ ነው።»

ዝም ማለት በሚገባኝ ቦታ ተቻኮልኩ፤ መቸኮል ሲገባኝ ተንተባተብኩ። ኖራው በምን በርሜል እንደተበጠበጠ ሁሉ አብራራሁ። ሰባት ወር የለፋሁበትን በገዛ አፌ ገደልኩት።

የፍሬን ሠራተኛው ከንፈሩን ነክሶ ቆሟል። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ምን ያስለቅስሃል?» አለው መርማሪው።

«ለዚህ ነው እንዴ አምስት ቀን የታሰርኩት፣ ጌታዬ?»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሳል ያዘው። መርማሪው ሁለታችንንም ደጋግሞ አየና ደብተሩን ዘጋ። «ይህስ የሚያስቅ አይደለም» አለ።

ከሰዓት በኋላ ሰውየውን ለቀቁት። ሸሚዙን ለብሶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። «አብሽር፣ አቦ» አለኝ፤ አይዞህ ማለቱ ነው። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ትልቅ ሰው በመዝለፍ ተከስሼ ሐረር አሥራ አራት ወር ታሰርኩ። በወንበር ቁጥር ከጻፍኳቸው ግን አንድም ሰው አልተጠራም።

ዛሬ አርጅቻለሁ። ሰርግ ላይ፣ ማኅበር ላይ ተናገር ሲሉኝ አሁንም ቀልድ እናገራለሁ፤ ሰዉም ይስቃል። እኔ ግን ስናገር መሬት መሬት አያለሁ። ልጆቼ በዚህ ዕድሜው ዓይን አፋር ሆነ ይላሉ፤ ይበሉ። ማን እንደሳቀ ማየት አልፈልግም።