ዛፍ ላይ የቀረው ማር ቆራጭ

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ ሚዛን ተፈሪ ላይ ዝናብ ሲጀምር የተወለደ ሕፃን ሲያባራ ድክ ድክ ይል በነበረበት ዘመን፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከጋሽ ነስሩ ሱቅ የሚያስነሳኝ ሰው አልነበረም። ጋሽ ነስሩ ከጅማ በኩል የመጣ ባለሱቅ ነው። ጨውና ሳሙና እየሸጠ፣ ከባንኮኒው ጀርባ በከሰል ፍም ጎደሬ እየጠበሰ ተረት ይነግረኛል። ፋኖሱ ይጨሳል፣ ቆርቆሮው በዝናብ ይደበደባል፣ እኔም ትኩሱን ጎደሬ ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጥኩ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ።

አንድ ቅዳሜ የሸኮ አገሩን ማር ቆራጭ ተረት ጀመረልኝ። ሰውየው ቀፎውን የሰቀለበት ዛፍ ጫፉ ላይ ጀምበር ወጥታ ሥሩ ላይ ገና ሌሊት ነበር። ይህ በጋሽ ነስሩ አፍ ነው፤ እኔ ብሆን ትንሽ አስረዝመው ነበር። ሰውየው በገመድ ወጣ፤ ማሩን በቅል ሞልቶ ከታች ለሚጠብቀው ወንድሙ አወረደለት። ወንድሙ ማሩን ተቀበለ፣ ገመዱን ስቦ አወረደ፣ ሄደ።

«ከዚያስ ጋሼ?»

«ከዚያማ መጽሐፉ ውስጥ ነው።»

«የቱ መጽሐፍ?»

«ተማሪው አንተ ነህ። ፈልገውና እንዴት እንደወረደ መጥተህ ትነግረኛለህ።»

ያን ሌሊት አልተኛሁም። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ፤ ሰውየው ዝናብ ላይ።

በሳምንቱ «የእምነት መጽሐፍ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። ጎረቤታችን የነበሩት ቄስ ገድል ሲያስነብቡኝ ከረሙ፤ በደመና የሚሄድ ጻድቅ ሞልቷል፣ የእኔን ሰው የሚያወርድ ግን ጠፋ። ቀጥሎ «ግጥም መሆን አለበት» አለኝ፤ የአማርኛ አስተማሪያችንን የግጥም መጻሕፍት ለቅዳሜና እሁድ እየተዋስኩ ጨረስኩ። ከዚያ ልብ ወለድ ነው አለ፤ ከዚያ ደግሞ ስለ ማጂ ሰዎች ባህል የተጻፈ ነው አለኝ። ቴፒ አክስቴ ዘንድ ሳይቀር የቡና ጆንያ ላይ ተቀምጬ በጭነት መኪና ሄጄ ፈለግሁ። በዚያ አገር ያላነበብኩት ወረቀት ቢኖር የስኳር መጠቅለያ ነው፤ እሱንም በኋላ አነበብኩት።

አንድ ቅዳሜ አስተማሪያችን ሳሙና ሊገዙ ሱቁ ገቡ። ስለ መጽሐፉ ጠየቅኋቸው።

«እንዲህ ያለ መጽሐፍ የለም» አሉኝ። «ማን ነገረህ?»

ጋሽ ነስሩን አየሁት። ጨው እየመዘነ ነበር፤ ዓይኑን ከሚዛኑ አላነሳም። አስተማሪው እስኪወጡ ጠበቅሁ።

«ዋሸኸኝ» አልኩት።

«መጨረሻውን ባውቀው እዚያ ላይ አቆም ነበር እንዴ?» አለኝ ቀስ ብሎ። «እኔም አባቴ እዚያ ላይ ትቶብኝ ነው የሞተው። አንተ ማንበብ ትችላለህ፤ መጽሐፍ ውስጥ የማይገኝ ነገር ይኖራል ብዬ መች አሰብኩ?»

የያዝኩትን ጎደሬ ፍሙ ላይ መልሼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ለጨው እንኳ ሌላ ሱቅ ነበር የምሄደው።

አሁን አርጅቻለሁ። ቴፒ የንባብ ማኅበር ያለው አንድ ወጣት አርብ አርብ ይደውልልኛል። «አባባ፣ ለቅዳሜና እሁድ ምን እናንብብ?» ከእምነቱም፣ ከግጥሙም፣ ከልብ ወለዱም፣ ከባህሉም እመርጥለታለሁ። ይህን ሁሉ ያስነበበህ ጋሽ ነስሩ ነው፣ ልታመሰግነው ይገባል የሚሉኝ አሉ። ይሆናል። እሱ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ እኔ ግን ገመዱ የተሳበው በእኔም ላይ ይመስለኛል። በዘመኔ እኔም ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ሰው ዛፍ ላይ ጥዬ ግን አላውቅም።

ለልጁ መጻሕፍቱን ነግሬ ስጨርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር እጨምራለሁ። «ስታነቡ ከዛፍ የሚወርድ ማር ቆራጭ ካጋጠማችሁ፣ በማንኛውም ሰዓት ደውሉልኝ።»

ልጁ ይስቃል። እኔ ዝናብ በጣለ ቁጥር ስልኬን አጠገቤ አስቀምጣለሁ።