የተቆረጠው ሞላ

ትናንት መኪናዬን ሰርቪስ ላስደርግ ጋራዥ ስገባ፣ የግራሶው ሽታ ገና አፍንጫዬን ሲመታኝ አንድ የቆየ ነገር አስታወሰኝና ደሜ ፈላ።

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። እሁድ እሁድ ውጭ አገር ከምንኖርበት ከታርኔት ሰፈር ብሬብሩክ ወዳለው ቸርች ስንሄድ፣ አሮጌዋ መኪናችን ጉብታ ባገኘች ቁጥር ታንገጫግጨናለች። ወገቧን የሚያማት እናቴ የበሩን እጀታ ጨብጣ ከንፈሯን ትነክሳለች። አባቴ "መንገዱ ነው፤ ቻይው" ይላታል። ሁለት ዓመት ቻለችው።

አንድ ቀን አዲስ አበባ መካኒክ የነበሩትን ጋሽ በቀለን አሳፈርናቸው። እንደወረዱ ጎንበስ ብለው ከጎማው ኋላ አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ።

"መንገዱ አይደለም። ጉብታውን የሚያለዝበው ይሄ ሞላ ተቆርጧል።"

"ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ ጋሼ። መኪና ዝቅ ሲል ያምራል ብዬ ነው" አለ አባቴ እየሳቀ።

ጋሼ አልሳቁም። "ለዓይንህ ብለህ የሚስትህን ወገብ ትሰብራለህ?"

ቅዳሜ ራሳቸው መጥተው፣ እጃቸው ግራሶ በግራሶ ሆኖ፣ ሞላውንም ንዝረት የሚያበርደውን አሞርዛተሩንም ቀየሩት። በማግስቱ መኪናዋ ጉብታውን ሳታንገጫግጨን አለፈችው።

"አየሽ፣ አሁን ተመቸሽ አይደል?" አላት አባቴ።

እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ ከኋላ ሆኜ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ "ይቅርታ" እስኪላት ጠበቅሁ።

እስከ ዛሬ አላላትም።