ለአምባዛ ደቦ ተጠራ

አንድ አምባዛ ፂሙን እያወዛወዘ ዛሬ ካሜራችን ላይ አፉን ለጠፈብን!

ሸዋሮቢት አጠገብ ደለል የሞላውን አሮጌ የመስኖ ግድብ ልናፈርስ ስለሆነ፣ ከሥሩ ምን እንደሚኖር ለማየት ካሜራ ውሃው ውስጥ አውርደን ነበር። (ያሰርናት በሽንኩርት ጆንያ ሲባጎ ነው፤ ለአለቃዬ እንዳትነግሩ።)

“ጭቃ ብቻ ነው፣ ቶሎ አፍርሱልን” ሲሉን የከረሙት ገበሬዋ እትዬ ዘሃራ የካሜራው ምስል በሚታይበት ስልኬ ላይ አጎነበሱ። ከአምባዛው ኋላ ትንንሾቹ ይርመሰመሳሉ።

“ያ አላህ! ሰው አለበት ለካ! ሰው ያለበት ቤት ይፈርሳል እንዴ?”

ወዲያው ጎረቤቱን ሁሉ ለደቦ ጠሩ። ነገ ግድቡ ከመነካቱ በፊት፣ እንደ ማሽላ አጨዳው ተሰብስበን ዓሣዎቹን በባልዲና በጀሪካን ወደ ላይኛው ኩሬ እናዛውራለን!

እናንተ ጋ ደቦ ከአዝመራ ሌላ ለምን ጉዳይ ወጥቶ ያውቃል? ጻፉልኝማ። ያንን ባለፂም የምሸከመው ግን እኔ ነኝ፤ “መጀመሪያ ያየው ይሸከመው” ተብያለሁ።