ወንዱ ጥድ

ዛሬ ሮቤ ላይ በአንድ እንጨት ቤት ደጃፍ ሳልፍ አዲስ የተፈለጠ የጥድ ሽታ ልጅነቴን አስታወሰኝ።

ጎባ እያለን እናቴ ከግቢያችን ሴት ጥድ ፍሬ እየለቀመች ችግኝ ታፈላ ነበር። ጎረቤታችን ከማል በድንበር ተጣላትና በእሱ ግቢ የቆመውን ወንዱን ጥድ አስቆረጠው። በአካባቢው ሌላ ወንድ ጥድ አልነበረም።

«ቢጫ ዱቄቱ የታጠበ ልብስ እያበላሸ አስቸገረኝ» አለ።

ሽማግሌው ሐጂ አደም ግንዱን በከዘራቸው ነኩት። «ከማል፣ ያ ዱቄት እኮ ዘሩ ነው። ነፋስ ወስዶ ለሴቷ ካላደረሰላት ፍሬዋ ባዶ ይሆናል።»

«አውቃለሁ፣ ሐጂ» አላቸው እናቴን እያየ። «ስለማውቅ ነው ያስቆረጥኩት።»

በኋላ የተለቀመው ፍሬ ውስጡ ባዶ ነበር። ችግኝ ማፍላቱም ቀረ። እናቴ እስክትሞት ድረስ የከማልን ሰላምታ አልመለሰችም። እሱ አሁን አርጅቷል፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እጁን ያነሳልኛል። እኔም አልመልስለትም።